የደፈንኩት ቦይ

አባቴን የገደለው ረሃብ አይደለም። ረሃብ የገደላቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ከጎብዬ እስከ ዋጃ በመኪና መንገዱ ዳርና ዳር ወድቀው አይቻቸዋለሁ። አባቴን የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ያውም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሙስባሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ እየቆጠረ። እንዲህ ስል የሚቆጡኝ አሉ። ሙት አትውቀሺ ይሉኛል። እኔ እወቅሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ "ያለፈውን ተይው" ስባል ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን ትቼው አላውቅም።

አባቴ የእህል ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በእኛ ሜዳ ማሽላ የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነው። ጉድጓዱ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ግድግዳው በገለባ ይሸፈናል፣ እህሉ ይገለበጥበታል፣ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና በእበትና በጭቃ ይመረጋል። ከዚያ አፈር ይመለስበታል። በደንብ የተመረገ ጉድጓድ እህሉን ለዓመታት ያቆያል። ችሎታው ግን መቆፈሩ ላይ ብቻ አይደለም። ሰው እንዳያውቀው ማድረጉ ነው ትልቁ ሥራ። የወጣው አፈር እዚያው ከተከመረ ሌባም ጎረቤትም ያያል፤ ስለዚህ በቅርጫት ተሸክሞ ሩቅ ገደል መድፋት ያስፈልጋል። የአባቴ አፈር ተሸካሚ እኔ ነበርኩ። እናቴ ቀድማ ሞታለች፣ ወንድም አልነበረኝም።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ፍየል ያርዳል። አባቴ እጁን አፈሩ ላይ አድርጎ "ይህ አማና ነው" ይላል፤ አደራ ነው፣ ለማንም አላሳይም ብሎ መማሉ ነው፤ እኔም እምላለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ለእኛ እንደማንኛውም መሬት ነው፤ ስናልፍበት ዞር ብለን አናየውም። ከቆቦ እስከ ሮቢት ያለውን የሀብታም እህል በልቡ ይዞ የሚዞር፣ የራሱ እህል ግን በአንድ ጎታ የሚያልቅ ሰው ነበር አባቴ። ይህ ነገር ያስቀው ነበር። እኔን አያስቀኝም።

ያ አባቴን የገደለው ሰው፣ ባለጸጋው፣ የጨርቅና የእህል ነጋዴ ነበር። ወደ ሮቢት መውጫ ሰፊ መሬት ነበረው። መስጊዱን ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው፤ ይህንን የማያውቅ አልነበረም፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ዱዓ ይደረግለት ነበር። ከክፉው ዘመን ሁለት ዓመት በፊት፣ ማሽላው እንደ ደን በቆመበት ዓመት፣ ለእሱ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈርንለት። ቦታው የአውድማው ጠርዝ ነበር፣ ትንሽ ተዳፋት ያለበት። አባቴ ቦታውን አልወደደውም። የእኛ ሜዳ ዝናብ የሚደርሰው ከሰማይ ብቻ አይደለም፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፣ ገበሬውም በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣበታል። ለማሳ በረከት የሆነ ጎርፍ ለጉድጓድ ሞት ነው። ስለዚህ አባቴ ከጉድጓዱ በላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቀደደ፣ አፋፉንም በእግሩ እየረገጠ አጠነከረው። "ይህ ቦይ እስካለ ድረስ አንድ ጠብታ አይገባም" አለው። ባለጸጋው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ክረምቱ ቀረ፣ በልጉም ቀረ። በሬዎቹ ቀድመው ሞቱ። ባሌ ሥራ ፈልጌ እልክልሻለሁ ብሎ ወደ ሑመራ ሄደ፤ የላከው ነገር የለም፣ እሱም አልተመለሰ። አባቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ከየት ይመጣል? ያለውም ያስቆፈረውን እየደበቀ ነው።

ባለጸጋው ዓርብ ዓርብ በበሩ ላይ አንድ በርሜል ንፍሮ ያስቀቅል ነበር። ሰው ከሩቅ እየመጣ ይሰለፋል። እፍኝ ከመቀበላችን በፊት ዱዓ ይደረጋል፤ ለሰጪው ጤና፣ ለሰጪው ልጆች፣ ለሰጪው ሀብት መብዛት። በባዶ ሆድ አሚን ማለት እንዴት እንደሚያደክም የቀመሰ ያውቀዋል። አንዳንዱ አሚን እያለ ይወድቅ ነበር። አንድ ቀን የመስጊዱ ሸህ ሀብታም በመስጠት፣ ድሃ በሰብር፣ በትዕግሥት፣ ይፈተናል ብለው አስተማሩ። ሸሁ ደግ ሰው ነበሩ፣ እሳቸውም ከስተው ነበር። እኔ ግን ተሰልፌ ሳለሁ የሀብታሙ ፈተና ዓርብ ብቻ የሚመጣ፣ የእኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚውል መሆኑን አሰብኩ።

አባቴ አይሰለፍም ነበር። "ጉድጓዱን የቆፈርኩለት ሰው በር ላይ እጄን ዘርግቼ ብቆም እሱን ማሳጣት ነው" ይላል። እኔ የተቀበልኩትን ይዤለት ስመጣ ይበላ ነበር፤ መጀመሪያ "አንቺስ?" ብሎ።

ግንቦት ላይ እግሩ አበጠ። አንድ ጠዋት ኩታውን ለበሰና ዱላውን ያዘ፤ ወደ ባለጸጋው ሱቅ ሄድን። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አባቴ ቆሞ፣ አቀርቅሮ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"አያ፣ ከዚያ ከጉድጓዱ አንድ ቁና ብቻ። ለዚች ልጅ ብዬ ነው። አላህ ዝናቡን ሲመልስ በጉልበቴ እከፍላለሁ።"

ባለጸጋው ሙስባሃውን መቁጠሩን አላቆመም።

"የምን ጉድጓድ ነው የምትለኝ?" አለው።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። እኔም አየሁት። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

"ሰው የሚያወራውን አትስማ ወንድሜ። ያለኝን ዓርብ ዓርብ ታያለህ፣ ከዚያ ሌላ ወሏሂ የለኝም። ሰብር አድርግ። ድሃ ከሀብታም ቀድሞ ጀነት ይገባል፤ እኛ ነን የምናሳዝነው።"

በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወርዶ የቆፈረ ሰው "ልክ ነህ አያ፣ ተሳስቼ ነው" አለ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያለው። ይቅርታም ጠየቀ። ስንወጣ "አባባ፣ ለምን ዝም አልክ? ቦታውን ለሰው እናሳይ፣ ሕዝቡ ያውጣው" አልኩት፤ ጮኼ ነው ያልኩት። መንገዱ መሃል ቆመ።

"እሱ ቃሉን በላ፤ እኔ የምበላው አጥቼ ቃሌን ልብላ? አማና ነው። መማልሽን እንዳትረሺ።"

ሰኔ ላይ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የደረሰችልን ጎረቤታችን ነበረች፤ ወላጆቿ ከአላማጣ ማዶ የመጡ ክርስቲያን፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት፣ ባሏ ቀድሞ የሞተባት። በማርያም ቀን ግማሽ ጣሳ ቆሎ ይዛ መጣች። ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ከልጆቿ አፍ እንደወሰደችው ግን አውቃለሁ። "ስለ እመቤቴ ብላችሁ ተቀበሉኝ" አለች፣ ልመናው የእሷ ይመስል። አባቴ "አላህ ይስጥሽ፤ መርየምን እኛም እንወዳታለን" አላትና አንድ አንድ ፍሬ እያኘከ በላ። እሷ ዱዓ አላስደረገችም፣ ስሟም አልተጠራም።

ሲሞት ከፈኑን የላከው ማን ይመስላችኋል? ባለጸጋው። ጥሩ አቡጀዲ፣ ከሱቁ የተሻለውን። ቁና እህል የከለከለውን ሰው ጨርቅ ሰጠው። ሰውም መረቀው። "ለድሃ ሬሳ እንዲህ ያለ ከፈን!" ይሉ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ያንን ምርቃት ስሰማ እንባዬ ደረቀ። አባቴ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲወጣ ያሰብኩት ስለ አባቴ አልነበረም። ስለ ቦዩ ነበር።

ቦታውን ለሰው አላሳየሁም። ምያለሁ። መሐላው ግን ስለ ቦዩ የሚለው ነገር አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ መጣ። ዘር በሌለበት፣ በሬ በሌለበት፣ ገበሬው ግማሹ ባለቀበት መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረና ጎርፉ ማጓራት ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። የአባቴን ዶማ ይዤ ወደ አውድማው ሄድኩ። ጉልበት አልነበረኝም፤ ሦስቴ ቁጭ ብያለሁ። አፋፉን ከአንድ በኩል ናድኩት፣ የናድኩትን አፈር ቦዩ ውስጥ አስገብቼ በእግሬ ረገጥኩት፣ ልክ አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት። ውሃው ሲመጣ ትንሽ አመነታና ወደ አውድማው ዞረ። ጉድጓዱ ካለበት ደርሶ ተኛ። በየዝናቡ ሄጄ አየው ነበር። ውሃው ውሎ አድሮ ወደ ውስጥ ይጠፋል፣ ሌላ ይመጣል። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። ዋጋው ጨምሮልኛል ብሎ አንድ ቀን ሲከፍተው የሚሆነውን ፊት እያሰብኩ ነው የከረምኩት፤ እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወት ያቆየኝ ከንፍሮው ይልቅ ያ ሐሳብ ነው።

መስከረም ላይ ረመዳን ገባ፤ እኛን ስንጾም አገኘን። በመጨረሻዎቹ ቀናት ባለጸጋው ከሸሁ ጋር ወደ ቤቴ መጣ። ለሐጅ ሊሄድ ነይቶ፣ በልቡ ወስኖ፣ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን ሁሉ በየቤቱ እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ ይቅር ያልተባለ የሰው ሐቅ ተሸክሞ መካ መድረስ ከባድ ነው። እሱም ሰፈሩን ጨርሶ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ደጃፌ ላይ መሬት ቁጭ አለ። ያ ሰው፣ መሬት ላይ።

"ልጄ፣ አባትሽን ክጄዋለሁ። የቆፈረልኝን ጉድጓድ የለም አልኩት። ለሸሁ ሁሉንም ነግሬአለሁ" አለ። አለቀሰ፤ የውሸት ለቅሶ አልነበረም። "ከነገ ወዲያ እከፍተዋለሁ። ለራሴ አንድ ቁና አላስቀርም፤ ሁሉም ሰደቃ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ያንቺ ነው። አፉ በይኝ።"

ሸሁ ፊታቸው በርቶ ነበር። "አየሽ፣ አላህ ልብ ሲከፍት እንዲህ ነው" አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሁለት ቀን አለ፤ ምናልባት መሃሉ ተርፎ ይሆናል፣ ቢያንስ ሰው በከንቱ ተስፋ አድርጎ ከሩቅ አይመጣም። ግን ሰውየውን አየሁት። አሁንም ይሰጣል፣ አሁንም ይመረቃል፣ አባቴ በሞተበት እህል ሐጂ ይሆናል። ያ ፊት ሲለወጥ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ፤ በሕዝብ ፊት።

"መጀመሪያ ይክፈቱት አያ። አፉውን ከዚያ በኋላ እናያለን" አልኩት።

በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ከሮቢት እስከ ጎብዬ ደረሰ። ጠዋቱን አውድማው ዙሪያ ቆሞ የጠበቀው ሕዝብ ለዒድ ከሚሰበሰበው ይበልጥ ነበር። ስልቻ የያዘ፣ ጣሳ የያዘ፣ የነጠላውን ጫፍ የዘረጋ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበር። ጎረቤቴም ነበረች፤ ትንሹን አዝላ፣ ትልቁን ልጅ በእጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ የታጠበ ባዶ ስልቻ። ስታየኝ ሳቀች። "አባትሽ ባየው!" አለችኝ።

ስልቻውን አጥባው ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ በአላህ እምላለሁ፣ እህሉን የሚበሉት ሰዎች እንዳሉ አላሰብኩም ነበር። ጉድጓዱ የእሱ፣ ቂሙ የእኔ፣ ሌላ ማንም መሃላችን የለም ብዬ ነው የኖርኩት።

ሸሁ ዱዓ አደረጉ። አፈሩ ተነሳ፣ ምርጉ ተሰበረ፣ ድንጋዩ ተነሳ። የጉድጓድ ማሽላ ሲከፈት ሁልጊዜም ይኮመጥጣል፤ ለለመደው የጥጋብ ሽታ ነው። ይህ ግን ሌላ ነበር። ፊት የነበሩት አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። በአካፋ የወጣው ጥቁር፣ የተጣበቀ፣ የሚተን ነገር ነበር። "ላዩ ነው፣ ከሥር ደህና ነው" አለ አንዱ። እስኪተነፍስ ጠብቀው አንድ ሰው በገመድ አወረዱ። ከሥሩ ውሃ ቋጥሯል።

ባለጸጋው በጉልበቱ ወደቀ። ያንን ፊት አየሁት። ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም። የቆየው ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ "አላህ አልቀበለውም! ሰደቃውን ፊቱ ላይ መለሰበት!" ብለው ጮኹ፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፣ ድንጋይም የወረወረ ነበር። ጎረቤቴ ግን አልጮኸችም። ወደ ጥቁሩ ክምር ሄዳ፣ ተንበርክካ፣ ያልጠቆረ ፍሬ እየለቀመች ስልቻዋ ውስጥ መጨመር ጀመረች። ብዙዎች ተከተሏት። እጇን ይዤ "ተይው፣ መርዝ ነው" አልኳት። "አጥበዋለሁ" አለችኝ።

አጠበችው፣ አሰጣችው፣ ፈጨችው። ልጆቿ በላይና በታች ታመሙ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ይዛ ዘመዶቿን ፍለጋ ወደ አላማጣ በእግሯ ተነሳች። ከጥር በኋላ ስትመለስ አንድ ልጅ ይዛ ነበር፣ ትልቁን።

የዚያ ጉድጓድ ታሪክ ስብከት ሆነ። መስጊድ ውስጥ ሰማሁት፤ ዘካውን የቀበረ ሰው ሀብት መጨረሻው ይህ ነው ተባለ። ጎረቤቴ ደግሞ ቄሱም እንደሰበኩት ነገረችኝ፤ ድሃ ሲለምን ጆሮውን የደፈነውን እግዜር እንዴት እንደፈረደበት። "ፍርዱ ግሩም ነው" አለች፣ ልጅ የቀበረችዋ። አንገቴን ነቀነቅኩ። የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች የእግዚአብሔር ፍርድ ብለው የሚያወሩት የእኔን ዶማ ነበር።

ባለጸጋው ከዒድ በኋላ፣ ለመነሳት ሳምንት ሲቀረው፣ ብቻውን መጣ። አልተቀመጠም።

"ቦዩን አየሁት" አለኝ። "ጎርፍ እንዲህ አይደፍንም። በእግር የተረገጠ ነው፤ እንዲህ የሚረግጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱ ደግሞ ያኔ ሞቶ ነበር።"

እንዲናገር ፈለግኩ፤ ለሸሁም፣ ለሕዝቡም፣ ስትመለስ ለጎረቤቴም። ይንገራቸውና ይውገሩኝ አልኩ በሆዴ።

"ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። አላህ ነው ይበሉ። እኔ የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። አንቺም ያለብሽን አፉ ብዬሻለሁ። አንቺስ?"

"እኔ አላልኩም" አልኩት። "አልልም።"

መካ ሄዶ ተመለሰ። መሬቱን በኋላ የመሬት ላራሹ አዋጅ ወሰደው። "እህሉ የበሰበሰበት ሐጂ" እየተባለ አረጀ፤ ልጆች ከኋላው ይዘፍኑበት ነበር። አንድም ቀን ዞሮ "እኔ አይደለሁም" አላለም። ሲሞት ሬሳው ከግቢው ሳይወጣ "በእሱ ላይ ሐቅ ያለው ካለ አፉ ይበለው" ተብሎ ተጠየቀ፤ ግቢው ሁሉ "አፉ ብለናል" አለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። እኔ ብቻ አላልኩም።

ከእሱ እጅ ለራሴ ያቆየሁት ነገር የለም እያልኩ ስኮራ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። በዚያ ዝምታው ነው ሰው መስዬ፣ ዳግም አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ተከብሬ የኖርኩት። የበላሁት ትልቁ ሰደቃ ያ ነው፣ ዱዓም ያልተደረገበት። ይህንን የምጽፈው ልመልስለት ነው። ስሙ ይጸዳል፤ ይጽዳ። ይቅር ብዬው አይደለም፤ ለአባቴ አንድ ቁና የነፈገ ሰው ባለውለታ ሆኜ መቀበር ስለማልፈልግ ነው።

ጎረቤቴ የእግዜርን ፍርድ እያደነቀች ሞተች። የተረፈው ልጇ ግን አለ፤ ቆቦ ከተማ ውስጥ ባለ ሱቅ ነው፣ ባገኘኝ ቁጥር "እማማ" ብሎ ጉልበቴን ይስማል። ይህንን ያነበዋል። ካነበበ በኋላ ደጄ ላይ ይቆማል። እኔም አንድ ቃል እለምነዋለሁ፤ ለአንድ ሽማግሌ በሕይወቱም በሬሳውም የከለከልኩትን ያንኑ ቃል።